ቀበሌ፦ ከኪራይ ደብተር እስከ 3.6 ሚሊዮን ወንበር

በአዲስ አበባ ቀበሌ የሚባለው አስተዳደር በወረቀት ላይ ካበቃለት ቆይቷል። ከተማዋ በ2003 ዓ.ም. በ10 ክፍለ ከተሞችና በ116 ወረዳዎች ስትዋቀር ስሙ ከየጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ወረደ፤ ከነዋሪው አፍ ግን አልወረደም። ዛሬም መታወቂያ ሊያሳድስ የወጣ ሰው «ቀበሌ ደርሼ ልምጣ» ይላል። ቤቱ የቀበሌ ቤት ነው፤ የልጁን ሠርግ የሚደግሰው በቀበሌ አዳራሽ ነው፤ ቡናውን የሚጠጣው በቀበሌው መዝናኛ ነው። ወረዳ የሚለውን ቃል የሚጠቀመው ማመልከቻ ሲጽፍ ብቻ ነው።

ስለ ምርጫና ስለ በጀት የሚጻፈው ሁሉ ወደ አራት ኪሎ ይሮጣል። የፓርላማው 547 ወንበር ጉዳይ እውነትም ትልቅ ነው። ነገር ግን ያለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት የኢትዮጵያ ቤተሰብ ስንት ኪሎ ስኳር እንደሚገዛ፣ የትኛው ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና እንደሚሄድ፣ ማን ሴፍቲኔት ውስጥ እንደሚገባ፣ የማን ማሳ እንደሚቆረስ የወሰነው ከሁሉ በታች ያለው ወንበር ነው። መንግሥት ለብዙው ሰው አንድ ክፍል ቢሮ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ክብ ማኅተም ነበር።

ቀበሌ ከመምጣቱ በፊት ያ ወንበር ባዶ አልነበረም። በገጠሩ ጭቃ ሹም ነበረ፤ ግብር ያስከፍላል፣ የመንግሥትን ቃል ያደርሳል፣ በየቦታው እንደ ልማዱ ከባለ ርስቶቹ ቤት ይሾማል። በከተማ ደግሞ መንግሥት ከማዘጋጃ ቤት በታች እምብዛም አይታይም ነበር፤ ሰፈሩን የሚያውቀው እድር ነው። የንጉሡ መንግሥት በ1958 ዓ.ም. የአውራጃ ራስ ገዝ አስተዳደር ትእዛዝ ሲያወጣ ወደ ታች ለመውረድ ሞክሮ ነበር። ሐሳቡ አውራጃው የራሱን ምክር ቤት መርጦ በራሱ ገንዘብ ትምህርት ቤትና መንገድ እንዲሠራ ነው። ገንዘቡን የሚሰጠው ሕግ ግን ፓርላማው ላይ ሲደርስ ተሰናከለ። የእንደራሴዎቹ ምክር ቤት ለመመረጥ በአካባቢው ንብረት ያለው መሆንን ይጠይቅ ስለነበር፣ እዚያ የተቀመጡት ሰዎች ለአውራጃ ግብር ጥለው ከገዛ ኪሳቸው የሚያወጡበት ምክንያት አልታያቸውም ብል ብዙም የምሳሳት አይመስለኝም።

ስለዚህ ቀበሌ ሲመጣ ገንዘቡን ይዞ ነው የመጣው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ያወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ። በአንድ ጀምበር በየከተማው ከባድ ጥያቄ ተነሣ፦ ይህን ሁሉ ጎጆ፣ ይህን ሁሉ የጭቃ ቤት ማን ያከራየው? ወርኃዊ ኪራዩ ከ100 ብር በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች ድርጅት ሄደ። ከዚያ በታች ያለውን፣ ማለትም ብዛቱን፣ የሚረከብ አካል አልነበረም። እንግዲህ ይፈጠር ተባለ። የከተማ ነዋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚል ስም ተሰጠው፤ ክልሉ ቀበሌ ተባለ። በላዩ ከፍተኛ የሚባል እርከን፣ ከከፍተኛው በላይ የከተማው ማኅበር ተሰቀለ። አዲስ አበባ በ25 ከፍተኛና ከ280 በላይ በሆኑ ቀበሌዎች ተከፋፈለች።

አዋጁ ኪራይም ቀነሰ፤ 50 ብርና ከዚያ በታች ይከፈልበት የነበረው ቤት ኪራይ በግማሽ ወረደ። ለተከራዩ የአብዮቱ የመጀመሪያ ፍሬ በእጅ የሚቆጠር ነበር። ለአዲሱ ማኅበር ደግሞ የወር ገቢ ሆነ። በዚያ ገንዘብ ጸሐፊ ተቀጠረ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ተቀጠረ፣ ዘበኛ ተቀጠረ፣ ቤት ለቤት እየዞረ ደረሰኝ የሚቆርጥ ኪራይ ሰብሳቢ ተቀጠረ። (ይህ ሰው ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሥራ መጠሪያው የፖለቲካ ስድብ እንደሚሆን ማን በነገረው! በኢሕአዴግ ዘመን «ኪራይ ሰብሳቢ» የተባለ ሁሉ ደረሰኝ ቆርጦ አያውቅም።) ከከተማ ሥራ አጥ ወጣት ብዙዎቹ የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ያገኙት ከዚህ ደብተር ነው።

በገጠሩ የገበሬ ማኅበር የተወለደው ከዚህ አምስት ወር ቀደም ብሎ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ከታወጀው የመሬት አዋጅ ነው። አንድ ማኅበር ቢያንስ 800 ሄክታር፣ ማለትም 20 ጋሻ መሬት እንዲይዝ ተወሰነ። ማኅበሩን ያደራጁት ለእድገት በኅብረት ዘመቻ የወጡት 60 ሺህ ገደማ ተማሪዎችና መምህራን ናቸው። የከተማው ማኅበር ቤት ያድላል፤ የገጠሩ መሬት ያድላል። ሁለቱም አመራራቸውን በነዋሪው ጉባኤ ይመርጣሉ። የቀድሞው ባለ ርስትና ባለ ትርፍ ቤት ለጊዜው ከምርጫው ውጭ ተደረገ።

የመጀመሪያዎቹ ተመራጮች ብዙዎቹ ሰፈሩ የሚያውቃቸው ሰዎች ነበሩ፦ መምህር፣ ጡረተኛ፣ የእድር ዳኛ። ብዙም አልቆዩም። በ1969 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 104 የቀበሌን የፍርድ ሸንጎ ሥልጣን አስፍቶ አብዮት ጠባቂ ጨመረለት፤ ኪራይ የሚሰበስበው ቢሮ እስር ቤትና ጠመንጃ ኖረው። ሁለቱ የግራ ድርጅቶች፣ ኢሕአፓና መኢሶን፣ የተጋደሉበት ትልቁ ሜዳ ይኸው የቀበሌ ወንበር ነው። ሁለቱም ጎራ ወንበሩን የፈለገው በአንድ ምክንያት ነው፤ መታወቂያ የሚሰጠው፣ በየቤቱ ማን እንደሚያድር የሚያውቀው እሱ ስለሆነ። የቀበሌ ሊቀ መንበርነት በራፍ ላይ ጥይት የሚጠብቀው ሹመት ሆነ፤ ቀበሌው ራሱም የሰፈሩን ልጅ ከቤቱ አውጥቶ የሚገድል ሆነ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቤት ለቤት ስትፈተሽ አሳሾቹን በየበሩ የመሩት የቀበሌ ሰዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን ሊቀ መንበር የነበሩ ሰዎች ኋላ ፍርድ ቤት ቆመዋል፤ ጎረቤቶቻቸው ደግሞ ልጆቻቸውን የወሰደውን ሰው በየእድሩ ለቅሶ እያዩት ኖረዋል። ስለዚህ ዘመን ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ወደ ደብተሩ እመለሳለሁ።

ጠመንጃው ጋብ ሲል የቀበሌ ትልቁ ሥልጣን ኅብረት ሱቅ ሆነ። ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይት በኩፖን ይሸጥ ነበር፤ ጤፉ ከእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን ተልኮ በቀበሌው ይታደላል። ገበያው ከሚሸጥበት ዋጋ በእጅጉ ስለሚረክስ ኩፖን ማለት ሁለተኛ ደመወዝ ነበር። እንግዲህ ነገሩን ከሊቀ መንበሩ ወንበር ሆኖ ማየት ይበጃል። ሥራው በአብዛኛው ያለ ደመወዝ ነው። የቤተሰብ ቁጥር የሚመዘግበው ግን የእሱ ቢሮ ነው፤ ባዶ ቤት ሲገኝ ተራ የሚያወጣው እሱ ነው። ከ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በኋላ ደግሞ ኮታ የሚሞላው እሱ ነው። አፈሳ ሲመጣ ልጅ ያላት እናት ቀድማ የምታንኳኳው የማንን በር እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ደመወዝ የሌለው ወንበር ባዶውን አይቀመጥም፤ ክፍያው በሌላ መንገድ ይመጣል። ለዚህ ሊቀ መንበሩን ብቻ መውቀስ ይቀለናል፤ ወንበሩን እንዲያ አድርጎ የሠራው ግን ሌላ ነው።

መልካሙም አለ፤ ይነገር። መሠረተ ትምህርት ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ በየመንደሩ የገባው በቀበሌና በገበሬ ማኅበር ትከሻ ነው፤ ዛሬ ስማቸውን መጻፍ የሚችሉ ብዙ አያቶች ፊደል የቆጠሩት በቀበሌ አዳራሽ ነው። የቀበሌ ኪነት ቡድንም ነበር። ለአብዮት በዓል መዝሙር ይዘምር ተብሎ የተቋቋመው ቡድን ለአገሪቱ ድምፃዊ፣ ተወዛዋዥና ተዋናይ አፈራላት፤ የብዙ ሙያተኛ የሕይወት ታሪክ «በቀበሌያችን ኪነት ጀመርኩ» ብሎ ነው የሚነሣው። ካድሬነት ከቀበሌ ወደ ከፍተኛ፣ ከከፍተኛ ወደ ገዢው ፓርቲ ወደ ኢሠፓ የሚወጣ መሰላል እንደነበረው ሁሉ ይህኛውም ከአዳራሹ መድረክ ወደ ትልልቆቹ ቴአትር ቤቶች የሚያደርስ መሰላል ነበረው።

በላይ፣ ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም. 835 አባላት ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ ተመረጠ። ስለ ሸንጎው ብዙ የምለው የለኝም፤ በዓመት አንድ ጊዜ ተሰብስቦ ያጨበጭባል። ኩፖን የሚያድል እሱ አይደለም።

ኢሕአዴግ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የቀበሌ ሹማምንት ብዙዎቹ ታሰሩ፤ በቦታቸው የሰላምና መረጋጋት ኮሚቴ ተቀመጠ፤ በሰኔ 1984 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ ተካሄደ። ግቢው፣ መዝገቡ፣ የኪራይ ደብተሩ ግን ያው ነው። አዲሱ መንግሥት ሁሉን ሲቀይር ቀበሌን ያልነካው ለምን እንደሆነ የሚያጠያይቅ አይመስለኝም፤ ለሚገዛ ሁሉ የሚመች ዕቃ ነበር። የኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ቀበሌን በስሙ አይጠራም። ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጥ ብሎ ለክልሎች ይተወዋል። ስም የለሽነቱ ይዞታውን አላጠበበውም።

የቀበሌ ወንበር የሰውን ዕጣ ምን ያህል እንደሚወስን ለማየት ከአማራ ክልል የ1989 ዓ.ም. የመሬት ድልድል የተሻለ ምስክር አላውቅም። መሬት በተለይ በምሥራቅ ጎጃም እንደገና ሲሸነሸን ገበሬው በመደብ ተፈረጀ። በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር የተመረጠ ሰው «ቢሮክራት» ተባለ። አልሰረቀም ይሆናል፤ ምናልባትም እምቢ ማለት ስላልቻለ የተመረጠ ነው፤ የመንደሩ መሐይም ሲበዛ ፊደል የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለነበረ ጸሐፊ የተደረገም አለ። ቢሮክራት የተባለ ሰው ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ፤ አራት ጥማድ ማለት ነው። ሌላው ገበሬ እስከ ሦስት ሄክታር ሊይዝ ይችላል። የተረፈው ለመሬት የለሽ ወጣት ታደለ። ያገኘው ደስ አለው፤ ያጣው አዲስ አበባ ድረስ ለአቤቱታ መጣ። አስተያየቴን ልስጥ፦ ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ለቀበሌ የሚመረጥ ገበሬ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ቀጣዩ መንግሥት ምን ብሎ እንደሚጠራው ሳያስብ የሚቀር አይመስለኝም። የሹመት ዋጋ በደመወዝ ብቻ አይቆጠርም፤ ስትወርድ በሚወሰድብህም ይቆጠራል።

ከ1994 ዓ.ም. በኋላ ገንዘቡ መንገዱን ቀየረ። በአራቱ ትልልቅ ክልሎች በጀት በቀመር ተሠልቶ በጥቅል ድጎማ ወደ ወረዳ መውረድ ጀመረ። ወረዳው ከሚቀበለው አብዛኛው የመምህር፣ የግብርና ባለሙያና የጤና ሠራተኛ ደመወዝ ነው። እነዚህ ሠራተኞች የሚቀመጡት ቀበሌ ነው። በየገጠር ቀበሌው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች፣ እስከ ሦስት የልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ አንድ ትምህርት ቤት። ከ15 ሺህ በላይ ቀበሌ ላላት አገር ይህ ግዙፍ ቅጥር ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ብቻቸውን ከ30 ሺህ አልፈዋል። አሥረኛ ክፍል የጨረሰች የገበሬ ልጅ ቀዬዋን ሳትለቅ የመንግሥት ደመወዝተኛ የምትሆንበት በር ተከፈተ፤ የክትባቱና የቤተሰብ ምጣኔው ለውጥም በነዚሁ ሴቶች እግር የመጣ ነው። በሩ ላይ ግን ቀበሌው ቆሟል። ለሥልጠና የምትመለመለው ከቀበሌዋ ነው፤ ከተቀጠረች በኋላም ከርዕሰ መምህሩና ከግብርና ባለሙያው ጋር የቀበሌ ካቢኔ ስብሰባ ትጠራለች። አስተዳዳሪ ማነው፣ ባለሙያ ማነው፣ የፓርቲ ሰው ማነው የሚለው መስመር እዚያ ጠረጴዛ ላይ ይደበዝዛል።

የግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ መጣ። የተቃዋሚዎች ስብስብ የሆነው ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን ወሰደ። የሆነው ሁሉ ሆነ፤ ደም ፈሰሰ፣ መሪዎቹ ታሰሩ፣ ከተማዋ በባለአደራ አስተዳደር ቆየች። ለጋሽ አገሮች ለመንግሥት ካዝና በቀጥታ ይሰጡት የነበረውን የበጀት ድጋፍ አቆሙ። ነገር ግን ገንዘቡ ሲቆም መምህሩና ነርሷ ደመወዝ ያጣሉ። ስለዚህ በ1998 ዓ.ም. መሠረታዊ አገልግሎቶችን የመጠበቅ ፕሮግራም ተፈጠረና ገንዘቡ ለወረዳ ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ ተብሎ በሌላ ቧንቧ ፈሰሰ። ከላይ ያለው ምርጫ ያስቀየማቸው ለጋሾች ከታች ያለውን መዋቅር አጠነከሩት። ይህን ሲያደርጉ አማራጭ ነበራቸው ወይ ብባል፣ ያለ አይመስለኝም።

ገዢው ግንባር ኢሕአዴግ ግን ከ1997 ሌላ ትምህርት ቀሰመ። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ ሲመጣ የቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባላት እንዲኖሩት ተደርጎ ሰፍቷል። በአገር አቀፍ ደረጃ 3.6 ሚሊዮን ገደማ ወንበር! ከዓመት በፊት የተካሄደው ቆጠራ የሕዝቡን ብዛት 74 ሚሊዮን ገደማ አድርሶት ነበር፤ ሕፃን ሽማግሌ ሳይለይ ከ20 ሰው አንዱ የምክር ቤት አባል ይሆናል ማለት ነው። ይህን ያህል ዕጩ ማቅረብ የሚችል ተቃዋሚ የት ይገኛል? ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች ከምርጫው ወጡ፤ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወንበሩን ጠቅልለው ያዙ። በአዲስ አበባም ከ138ቱ 137 ወንበር፣ አሁን በሌላው ወገን። በነዚሁ ሦስት ዓመታት የግንባሩ አባላት ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን በታች ተነሥቶ ከአራት ሚሊዮን እንዳለፈ ተነገረ።

300 ሰው ያለበት የቀበሌ ምክር ቤት ምን ይወስናል? እምብዛም። ሥራው ሌላ ነው፤ 300 ቤተሰብ ከመዋቅሩ ጋር ተሳሰረ ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት ጥቃቅንና አነስተኛ የሚደራጀው፣ ኮብልስቶን የሚነጠፈው፣ ለብድር የድጋፍ ደብዳቤ የሚጻፈው በቀበሌ በኩል ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሴፍቲኔት ሲመጣና ተጠቃሚው ከ7 ሚሊዮን ሲያልፍ ስም ዝርዝሩን የሚያወጣው የቀበሌ ግብረ ኃይል ነው። ዝርዝሩ ላይ ለመግባት የግንባሩ አባል መሆን ግዴታ ነው የሚል ሕግ የትም አልተጻፈም። ያልተጻፈው ነገር ግን በየሰፈሩ ይታወቅ ነበር፤ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ያላቸው አባት «ምናለ ፎርሙን ብትሞላ» ብለው ሲለማመጡት ያልሰማ ቤት ጥቂት ነው። ኋላም በየ30 አባወራው የልማት ቡድን፣ በየቡድኑ አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ተዘረጋ። በ2002 ዓ.ም. ግንቦት ግንባሩና አጋሮቹ ከ547ቱ 545 ወንበር ሲወስዱ ብዙ ተንታኝ ተገረመ። ቀበሌውን የሚያውቅ ሰው ግን ያ ምርጫ ከሁለት ዓመት በፊት እንዳለቀ ያውቅ ነበር።

የኪራዩ ደብተርስ? እሱ በየመንግሥቱ ሳይነካ ኖሯል። በ1967 የተቆረጠው ኪራይ ብሩ ዋጋ ባጣ ቁጥር እየሟሸሸ ሄዶ፣ በ2000ዎቹ በመሀል አዲስ አበባ ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ ባነሰ የወር ኪራይ የሚኖርበት ቤት ነበር። ለአሥርት ዓመታት ማንም መንግሥት ሊጨምረው አልደፈረም፤ ከመቶ ሺህ በላይ የቀበሌ ቤት ባለበት ከተማ ኪራይ መጨመር ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ካድሬ መሆን አያሻም። የማይጨመር ኪራይ ቤት አያሳድስም። ጣሪያው አፈሰሰ፣ ጭቃው ተራገፈ፣ ተከራዩ ግን አልለቀቀም። በመጨረሻ ቤቱ የሚፈርሰው መልሶ ማልማት ሲመጣ ነው፤ ያኔ በቀበሌው መዝገብ ላይ ስምህ መኖሩና አለመኖሩ ኮንዶሚኒየም ይሰጥህ አይሰጥህ ይወስናል። ከቀበሌ የራስ ገቢ የቀረው ብዙም አይደለም፤ መዝናኛው፣ አዳራሹ፣ አንዳንድ የንግድ ሱቅ። ደመወዝ የሚከፈለው ከላይ በመጣ በጀት ነው፤ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅም የሚመለከተው ወደ ላይ ነው።

በ2010 ዓ.ም. መካሄድ የነበረበት የአካባቢ ምርጫ ተራዘመ። በ2013ቱ አጠቃላይ ምርጫም የፌዴራል፣ የክልል፣ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ምክር ቤቶች ለድምፅ ሲቀርቡ የቀበሌ ወንበር አልቀረበም። በ2005 ዓ.ም. ለአምስት ዓመት የተመረጡት ምክር ቤቶች ዘመናቸው ሲያልፍ ሥራው በተሿሚና በሥራ አስኪያጅ እጅ ቀጠለ። የመታወቂያው ሥልጣንም ፋይዳ በሚባለው ዲጂታል መታወቂያ ከጎኑ እየተቆረሰ ነው።

የድሮ ስሙ፣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ በአጭሩ ከነማ ተብሎ ሌላ ቦታ ተርፏል። ከነማ መድኃኒት ቤት በአዲስ አበባ ዛሬም መድኃኒት ይሸጣል። በስታዲየም ደግሞ እነ ሐዋሳና አዳማ ስማቸውን ወደ «ከተማ» እስኪቀይሩ ድረስ ወጣቱ ደጋፊ «ከነማ! ከነማ!» እያለ ይጮህ ነበር፤ አብዛኛው የምን አሕጽሮት እንደሆነ ሳያውቅ።